ከምሳር በፊት ፍሬውን ማየት

በደቡብ ጎንደር፣ በአዲስ ዘመን አቅራቢያ የሚገኘው የጣራ ገዳም ጫካ እሾህ አያጣም፤ አጋሙ ይወጋል፣ በአካባቢው ማሳ ላይ የቆመው ግራርም እንዲሁ። ስለ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሰማ ገበሬ «እሾሃም መጤ ዛፍ» የሚለውን ብቻ ይዞ ምሳር ቢያነሣ የሚወድቀው አገር በቀሉ ነው። ፕሮሶፒስ የትውልድ አገሩ መካከለኛው አሜሪካና ካሪቢያን ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በረሃማነትን ይገታል ተብሎ በአፋር ተተከለ። አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት ይህ ዛፍ ዛሬ በክልላቸው ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፤ ከብት የሚሰማራበትን ሣር ነው የነጠቀው።

በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ ያሳስታል። የደጋው ግራር አበባው ድቡልቡል ነው፤ የፕሮሶፒስ ግን ቀጭን፣ ረጅምና ቢጫማ ነው። «እንግዲያው አበባውን ማየት ይበቃል» የሚል ይኖራል፤ አይበቃም። ሙጫ የሚሰጠው የቆላ ግራርም ረዘም ያለ አበባ አለው። የእሱ እሾህ ግን አጭርና ቆልማማ ሆኖ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል፤ የፕሮሶፒስ ቀጥ ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ጥንድ ነው። ቅጠሉም ይለያል፦ የደጋው ግራር ቅጠል በብዙ ጥንድ ሲከፈል የፕሮሶፒስ ከአንድ እስከ ሦስት ጥንድ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚታመነው ፍሬው ነው። የአደንጓሬ እሸት ይመስላል፤ ሲበስል ቢጫና ጣፋጭ ይሆናል፣ የሙጫው ግራር ፍሬ በራሱ ሲፈነዳ የእሱ ግን አይፈነዳም። ፍየል፣ ከብትና ግመል ይበሉታል፤ ዘሩም ሳይጎዳ በፋንድያ ይወጣና ርቆ ይበቅላል።

«ይህ የቆላ ችግር ነው፣ ደጋዋን ደብረ ታቦርን ምን አገባት?» የሚለው ተቃውሞ በከፊል እውነት ነው። ዛፉ ውርጭ አይችልም፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚስፋፋው ከ1,500 ሜትር በታች ነው። ነገር ግን ደቡብ ጎንደር ደጋ ብቻ አይደለም፤ ስማዳና ታች ጋይንት ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከሰሉና የንብ ቀሰሙ ጥቅም እንዳለውም አይካድም፤ ያ ግን ዛፉ አስቀድሞ በያዘው መሬት የሚገኝ ጥቅም ነው፣ በንጹሕ መሬት ለመትከል ምክንያት አይሆንም። አጠራጣሪ ዛፍ ያገኘ ሰው ቅርንጫፉን ከፍሬው ጋር ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳይ። ፕሮሶፒስ መሆኑ ከተረጋገጠ ግንዱን መቁረጥ ብቻ አይበቃም፤ ከአፈር በታች ካለው ጉቶ ስለሚያቆጠቁጥ ተቆፍሮ መውጣት አለበት።