ጠላቂ ጆሮ ውስጥ ውሃ ይገባል?

ይገባል፤ ግን ከታምቡሩ አያልፍም። ብዙዎቻችን ጆሮ የሚያመው በገባው ውሃ ይመስለን ነበር። አይደለም፣ በግፊቱ ነው። የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ 10 ሜትር የወረደ ሰው ላይ ከላይ ካለው እጥፍ ግፊት ያርፍበታል፤ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይገፋል። ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ክፍተት በቀጭን ቱቦ ከጉሮሮ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ጠላቂው አፍንጫውን ጨምቆ በቀስታ እፍ ሲል አየር ገብቶ ግፊቱን ያስተካክላል። ይህን ሳያመው በፊት ይጀምራል፤ ካመመው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይታገልም። ጆሮን መወተፍማ የባሰ ነው፣ ውሃው ውታፉን ወደ ውስጥ ይነዳዋል።

ታምቡር ከተቀደደ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ዘልቆ ራስ ያዞራል፤ ጠላቂው ላይና ታቹ ይጠፋበታል። ሐይቅ ዳር የምንመደብ እጩዎች፣ ጆሮው መግል የሚያወጣ ተማሪ ካለን ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ሳይታይ ዋና አንውሰደው።