ሸዋ ሮቢት፦ ያረጀ ‹‹ጌም›› አዲስ ገበያ

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ የመጀመሪያ ሥራው ኮቱን ማውለቅ ነው። ለሰው የከበደው ሙቀት ለማሽንም ይከብዳል። ጥቂት ቴሌቪዥንና አግዳሚ ወንበር ይዘው የሚሠሩት ጌም ቤቶች የሚተዳደሩበት ‹‹ፕሌይስቴሽን 2›› ከፋብሪካ መውጣቱን ካቆመ አሥር ዓመት አልፎታል። ገበያው ግን አልሞተም። ሞቷል ብሎ የደመደመ ነጋዴ ካለ ሒሳቡን እንደገና ቢመለከት ይሻለዋል።

የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ይህን ማሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ አቀረበ፤ በ2013 መጀመሪያ ላይ ማምረቱን አቆመ። በመካከሉ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። ከእሱ በኋላ የመጡት ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው በምስል ጥራት ቢበልጡትም ዋጋቸው አይቀመስም። በየጨዋታው ጥቂት ብር የሚከፍል ልጅ ደንበኛው ለሆነ ሰው፣ በአዲሱ ማሽን ላይ ያወጣውን ገንዘብ መመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የይፋት ቆላ ባለ ጌም ቤት የሚያድነው አዲስ ዕቃ ሳይሆን ያልደከመ አሮጌ ነው። ያልደከመ አሮጌ ደግሞ በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም።

የት ይገኛል?

ዋናው የአደን ሥፍራ መርካቶ ነው። ቆራሌውና ልዋጩ ከየሰፈሩ በጆንያ የሰበሰቡት ዕቃ ምናለሽ ተራ ሲዘረገፍ፣ ከተሰበረ ሬዲዮና ከዲቪዲ ማጫወቻ መሐል አንዳንዴ ፕሌይስቴሽን ብቅ ይላል። ሁለተኛው ምንጭ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ሦስተኛው ሊዘጋ የተቃረበ ጌም ቤት ሲሆን፣ ባለቤቱ ወደ ባጃጅ ወይም ወደ ሽንኩርትና ማሾ ንግድ ለመዞር ሲያስብ ወሬው ደላላ ጆሮ ለመድረስ ሁለት ቀን አይፈጅበትም።

የሻንጣው ዕቃ ወጥመድ አለው። ወፍራሙ ሞዴል ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የሚሠራው በ120 ቮልት፣ ከጃፓን የመጣ ከሆነ በ100 ቮልት ነው። ያለ ኮንቨርተር እኛ አገር 220 ላይ ከተሰካ ዕድሜው የአንድ ሰከንድ ነው። ሻጩ ‹‹አሜሪካን ዕቃ ነው›› ብሎ ዋጋ ሲጨምር ገዢው በዚያው ምክንያት ዋጋ ማስቀነስ ነበረበት።

ጀርባውን ገልብጦ ማንበብ

ከማሽኑ ቀድሞ የሚሞተው ሌንሱ ነው። አቧራው፣ ሙቀቱና ተባዝቶ የሚሸጠው ዲስክ ተባብረው ዓይኑን ያደክሙታል። ሥራውን የሚያውቁ ባለ ጌም ቤቶች ስለዚህ ዲስክ ከናካቴው ትተዋል። ሜሞሪ ካርድ ላይ በተጫነ ፕሮግራም ማሽኑን ያስነሱና ጨዋታውን ከሃርድ ዲስክ ያስገባሉ። ይህን ለማድረግ ግን ወፍራሙ ሞዴል ያስፈልጋል፤ ከጀርባው 30000 ወይም 50000 የሚል ተከታታይ ቁጥር የተጻፈበት፣ የሃርድ ዲስክ ማደሪያ ያለው ነው። ከ70000 የሚጀምረው ቀጭኑ ይህ ማደሪያ የለውም። በፍላሽ ይሠራል፣ ነገር ግን የፍላሽ መሰኪያው አዝጋሚ በመሆኑ ፊልም የበዛበት ጨዋታ ይንተባተባል።

ብዙ ሰው የሚከስረው በ90000 ላይ ነው። ዘግይቶ የተመረተ በመሆኑ መልኩ ያምራል፤ አዲስም ይመስላል። ይሁን እንጂ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተሠሩት የሜሞሪ ካርዱን ፕሮግራም አይቀበሉም። ቁጥሩ ያው 90000 ነው፤ የሚለያቸው እዚያው መለያ ላይ ያለው የምርት ዘመን ምልክት ነው። የራሱን ሜሞሪ ካርድ በኪሱ ይዞ የሚሄድና ገንዘብ ሳይቆጥር ሰክቶ የሚፈትን ገዢ ግን በዚህ አይታለልም። ‹‹ቀብድ ስጥና ነገ ትሞክረዋለህ›› የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ቀጣዩን ሱቅ መጠየቅ ነው።

በጨዋታው በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው። ለዚህ ማሽን በኩባንያዎቹ የተሠሩት የመጨረሻዎቹ የኳስ ጨዋታዎች ‹‹ፊፋ 14›› እና ‹‹ፔስ 2014›› ናቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው በየአገሩ ያሉ ወጣቶች አሮጌውን ጨዋታ ከፍተው የዘንድሮን ዝውውር የሚያስገቡበት ቅጂ ነው። አንድ ተጫዋች በለቀቀው ክለብ ማልያ ሲሮጥ ያየ ልጅ ወደ ጎረቤት ጌም ቤት ይሄዳል፤ ልጆች በዚህ ምሕረት የላቸውም።

በሌላው ዓለም ብርቅ የሚባለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አሜሪካ ውስጥ እሽጉ ያልተከፈተ ‹‹ሱፐር ማሪዮ 64›› በ1.56 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሽጧል። ለፕሌይስቴሽን 2 ከወጡት መካከልም ‹‹ሩል ኦፍ ሮዝ›› የተባለው አስፈሪ ጨዋታ ከነሽፋኑና ከነመጽሔቱ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ዳያስፖራው ባመጣው ሻንጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ዲስክ ቢገኝ እዚህ ሽፋኑ ተጥሎ ዲስኩ ከሌላው ጋር በሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሆኖም ደላሎች በከንቱ አይጓጉ፤ አሮጌ የኳስ ዲስክ በሚሊዮን የታተመ በመሆኑ ኒውዮርክም ቢወሰድ የመላኪያውን አይመልስም።

ብርና ጦርነት

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጎራባቿ አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሱቆች ተዘረፉ። ሁለትና ሦስት ማሽን ማለት ለእንዲህ ዓይነቱ ነጋዴ ሙሉ ካፒታሉ ነው፤ ከባዶ የጀመረ ሰው የሄደውም ወደዚያው አሮጌ ገበያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከአሥር ዓመት በፊት የገባ ማሽን ከዚያ ቀን ዶላር ጋር ምን እንዳገናኘው ሻጩ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ ሌንሱ የሚመጣው ከቻይና ነው።

በዚህ የተነሳ ጠጋኙ ከሻጩ በላይ ተፈላጊ ሆኗል። የአንዱን ሌንስ፣ የሌላውን ቦርድ፣ የሦስተኛውን ፋን ወስዶ ከሦስት ሬሳ አንድ የሚሠራ ያወጣል። የተረፈውን ፕላስቲክና ብረት ቆራሌው በኪሎ ይወስደዋል፤ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ጎን ላይ ታስሮ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።