የስክሪን ሕትመትና የብዕር ንድፍ በአንድ ደብተር

ስቱዲዮ የሌለው ተማሪ ሥዕሉን የሚሠራው በደብተሩ ላይ ነው። እዚህ ሪያድ በጥቁር ቀለም የሚነድፉ ጓደኞች ሊያነሡት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድን ግንብ በየገጹ ደጋግሞ ከመሣል፣ የስክሪን ሕትመትን ከብዕሩ ጋር ማጣመር አይቻልም ወይ የሚል ነው። ይቻላል። ዳሩ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ካልታወቀ የወራት ልፋት የያዘ ደብተር ይበላሻል።

ስክሪን ማለት በመሠረቱ በክፈፍ ላይ የተወጠረ ወንፊት ነው። የተደፈነው ቦታ ቀለም አያሳልፍም፤ ክፍት የተተወው ግን በጎማ መጥረጊያ ሲገፉት ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። በስቴንስል ጽሑፍ ያባዛ ሰው መርሁን ያውቀዋል። ለወረቀት በአንድ ሴንቲ ሜትር ከ77 እስከ 90 ክር ያለው ወንፊት ይመረጣል። ለካናቴራ የሚሠራበት ባለ 43 ክሩ ቀለም ስለሚያበዛ ገጹን ያጨማድደዋል።

እንግዲህ የሚታተመው የማይለወጠው ነገር ነው። ለምሳሌ በ1902 እ.ኤ.አ. አብዱልአዚዝ ኢብን ሳዑድ የያዙትን የመስመክን ምሽግ እንውሰድ። የጭቃ ግድግዳውና በየማዕዘኑ የቆሙት አራት ማማዎች አንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ከወጡ፣ በሃያ ገጽ ላይ በፈዘዘ የአፈር ቀለም ይታተማሉ። የጧቱ ጥላ፣ የማታው ጥላ፣ በበሩ የሚያልፈው ሰው ግን በየዕለቱ በብዕር ይሣላል።

ሕትመቱ ይቅደም፣ ብዕሩ ይከተል። በውኃ የሚሟሟ የብዕር ቀለም ከሥር ከሆነ፣ እርጥቡ የሕትመት ቀለም ሲያርፍበት ይዝረከረካል። በሌላ በኩል አክሪሊክ የሕትመት ቀለም ወፍሮ ከደረቀ እንደ ፕላስቲክ ስለሚሆን ብዕር ያንሸራትታል። ስለዚህ ቀለሙን ቀለም አልባ በሆነ ማቅጠኛ አሳስቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ገፍቶ ማለፍ ይገባል።

የሪያድ ዋናው ችግር ድርቀቱ ነው። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ወንፊቱ ውስጥ ይደርቅና ቀዳዳውን ይደፍናል። መድኃኒቱ ማድረቅን የሚያዘገይ ቅመም መጨመር፣ በጧት ማተም፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩም ክፍቱን ቦታ በስስ ቀለም ሸፍኖ ማቆየት ነው። ሥራው እንዳለቀም ወዲያው ማጠብ። በአየር ማቀዝቀዣ ፊት ለፊት የሚያትም ጓድ ስክሪኑን በገዛ እጁ እንደዘጋ ይቁጠረው!

ፀሐዩ ግን ባለውለታችን ነው። በብርሃን የሚጠነክረውን ኢመልሽን በጨለማ ቀብቶና አድርቆ፣ ንድፉን ከላይ አድርጎ ወደ ውጭ ማውጣት ብቻ ነው፤ መብራት መግዛት አያስፈልግም። በቀትር ጊዜው በሰኮንድ ሊቆጠር ስለሚችል አስቀድሞ በትንሽ ቁራጭ መሞከር ይሻላል።

የቀረው የደብተሩ ጉዳይ ነው። የተጠረዘ ደብተር መሐሉ ስለሚያብጥ ክፈፉ አይተኛበትም። የአገራችን ጸሐፍት ብራናውን በጥራዝ በጥራዝ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነበር የሚሰፉትና የሚደጉሱት፤ እኛም በልቅ ወረቀት አትመን ኋላ ብንሰፋው ይበጃል። የተገዛ ደብተር ካልቀረልን፣ ከገጹ ያነሰ ክፈፍ ማሠራት፣ ከገጹ ሥር ጠንካራ ካርቶን ማስገባት፣ ሕትመቱ እስኪደርቅም ደብተሩን አለመዝጋት ያስፈልጋል።