ጨረባ እና የሌሊት ወፍ፦ የቀን ፈረቃና የማታ ፈረቃ

«የሌሊት ወፍ» የሚለው ስም ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ሌሊቱ እውነት ነው፣ ወፍነቱ ግን የለም፤ ልጇን ጡት የምታጠባ እንስሳ ናት። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት ገጠር ውስጥ ካረጀ የእርሻ መጋዘን ጣሪያ ስር እሷንና እውነተኛዋን ወፍ ጎረቤት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ወፏ ጨረባ ናት፤ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ጎጆዋን በጭቃ የምትሠራ። (የአውሮፓና የእስያ ዘመዶቿ ብርዱን ሸሽተው እኛም አገር ይመጣሉ።) ጎረቤቷ ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ ናት። የሁለቱም እንጀራ እየበረሩ ነፍሳት መያዝ ነው። አንዷ ቀን፣ አንዷ ማታ፤ ፈረቃ ነው በቃ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ እኔን የገረመኝ የኑሮ ሒሳባቸው ነው። ጨረባ 20 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ የሌሊት ወፏ የዚያን ግማሽ ያህል። ትንሽ እንስሳ ዕድሜው አጭር ነው ይባላል አይደል? እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጨረባ በአማካይ 4 ዓመት ገደማ ብትኖር ነው፤ ከሌሊት ወፎቹ መካከል ግን 34 ዓመት የኖረ ተገኝቷል። ጨረባ ነገ እንደማይታመን ያወቀች ይመስል ገና በዓመቷ 4 ወይም 5 እንቁላል ትጥላለች፣ ከተመቻትም በዚያው በጋ ትደግማለች። የሌሊት ወፏ በዓመት አንድ ልጅ ብቻ። ቆጣቢ ናት እኮ! የበረዶውን ወራት ዋሻ ውስጥ ተኝታ፣ የልብ ምቷን በደቂቃ ወደ 20 አውርዳ፣ ያጠራቀመችውን ስብ በጥቂት በጥቂቱ ትበላለች።

ይህ ቁጠባ የሚያዋጣው ግን ሞት አልፎ አልፎ ሲመጣ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ «ነጭ አፍንጫ» የተባለው የፈንገስ በሽታ ታየ። ፈንገሱ የተኙትን ደጋግሞ ይቀሰቅሳቸዋል፤ በነቁ ቁጥር ስቡ ያልቃል፣ ውጭ ደግሞ በብርዱ አንድ ነፍሳት የለም። በብዙ ዋሻዎች ከ100 ከ90 በላይ አለቁ።

እስቲ አስሉት። ከ100 የተረፉት 10 ናቸው እንበል፤ ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ በዓመት 5 ልጅ፣ እሱም ሁሉም ካደገ። ጨረቦች በዚያው ቁጥር በአንድ በጋ 40 ጫጩት ሊፈለፍሉ ይችላሉ።

ያም ሆኖ ኒውዮርክ አካባቢ አንዳንድ ዋሻዎች ውስጥ ቁጥሩ መውረዱን አቁሟል። የተረፉት ለእንቅልፍ የሚገቡት ከቀድሞዎቹ ወፈር ብለው ነው።