ከመንጃ ፈቃድ በኋላ፦ የአሜሪካ ጥቅል አድራሽ ኩባንያዎች የተሳቢ ሹፌር አቀጣጠር

በአሜሪካ ከተሞች በየደጁ የሚደርሰው ጥቅል ዕቃ፣ ለተቀባዩ ከሚያስረክበው ሠራተኛ እጅ ከመግባቱ በፊት አብዛኛውን መንገድ የሚያቋርጠው በሌሊት፣ በተሳቢ መኪና ተጭኖ ነው። ይህን የሌሊት ጉዞ የሚያካሂዱት ሹፌሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በሲያትል ከተማ በተመሠረተውና ዛሬ ዩፒኤስ ተብሎ በሚታወቀው ኩባንያ ውስጥ «ፊደር» ሹፌር የሚባሉ ሲሆን፣ ሥራቸው ጥቅሎችን ከአንዱ የዕቃ መለያ ማዕከል ወደ ሌላው ማመላለስ ነው። ክፍያው፣ የጤና መድኑና ጡረታው አስተማማኝ በመሆኑ፣ በጭነት መኪና ሥራ የተሠማሩትን ኢትዮጵያውያን ጨምሮ ብዙዎች ይመኙታል። ይሁን እንጂ መንጃ ፈቃዱ አመልካቹን እስከ በሩ ያደርሰዋል እንጂ አያስቀጥረውም፤ ወሳኞቹ ንጹሕ የመንዳት ታሪክና በኩባንያው ውስጥ በትዕግሥት የሚጠራቀም የአገልግሎት ዘመን ናቸው።

የአቀጣጠሩን ሥርዓት ለመረዳት አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። የጥቅል ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 28 ጫማ፣ ማለትም 8.5 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት አጫጭር ተሳቢዎችን በአንድ ጎታች ያስጎትታሉ፤ የኋለኛው ተሳቢ ከፊተኛው ጋር የሚያያዘው «ዶሊ» በሚባል ባለ ጎማ መጋጠሚያ ሲሆን፣ ይህን ማያያዝና መፍታት በዝናብም ሆነ በበረዶ የሹፌሩ ድርሻ ነው። ሁለት ሹፌሮች ከየከተማቸው ተነሥተው መንገድ ላይ ከተገናኙና ተሳቢ ከተለዋወጡ በኋላ ወደየመጡበት የሚመለሱበት አሠራርም የተለመደ ነው። በዚህ ምክንያት በረጅም ርቀት ጭነት የተሠማራ ሹፌር ለሳምንታት ጋቢናው ውስጥ ሲያድር፣ አብዛኛው የፊደር ሹፌር ግን ፈረቃውን ጨርሶ ቤቱ ይገባል፤ ለዚህ የሚከፍለው ዋጋ የሌሊት እንቅልፉን ነው።

የሥራው ሕጋዊ መነሻ «ሲዲኤል» እየተባለ የሚጠራው የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ ሲሆን፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ለተሳቢ የሚያስፈልገው ምድብ «ኤ» ነው፤ ይህም የጎታቹና የተሳቢው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ፣ ማለትም 11.8 ቶን ገደማና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ የተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ፓውንድ ሲበልጥ የሚጠየቅ ነው። አመልካቹ የጽሑፍ ፈተና አልፎ የመለማመጃ ፈቃድ ከያዘ በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላው ለተግባር ፈተና መቅረብ የማይችል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል መዝገብ ከሰፈረ ማሠልጠኛ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ሆኗል። ሁለት ተሳቢ ለመጎተት በተጨማሪ የጽሑፍ ፈተና የሚገኝ ልዩ ማረጋገጫ በፈቃዱ ላይ መስፈር አለበት። ፈተናውን በአውቶማቲክ ማርሽ መኪና የወሰደ ሰው በእጅ ማርሽ የሚሠራውን እንዳይነዳ ገደብ ስለሚጣልበት፣ የማሠልጠኛ ምርጫው በኋላ በሚያገኘው ሥራ ላይ ይንጸባረቃል። አሜሪካ ከሌሎች አገሮች የከባድ መኪና ፈቃድ የምትቀበለው የካናዳንና የሜክሲኮን ብቻ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መስመር ለዓመታት የነዳ ሹፌርም ቢሆን ከመለማመጃ ፈቃዱ መጀመር ይኖርበታል።

ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው፣ በፌዴራል መዝገብ በተመዘገበ መርማሪ ጤንነቱ የተረጋገጠና ከአደንዛዥ ዕፅ ነጻ መሆን አለበት። የጤና ማረጋገጫው ቢበዛ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ሰው የሚያጥርበት ጊዜ አለ። ማሪዋና በብዙ ግዛቶች በሕግ ቢፈቀድም ለከባድ መኪና ሹፌር በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ በምርመራ የተገኘበት ሰውም እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ በጀመረው ብሔራዊ የዕፅና የአልኮል መዝገብ ላይ ስለሚሰፍርና አሠሪዎች ከመቅጠራቸው በፊት ይህንን መዝገብ የማየት ግዴታ ስላለባቸው፣ ጥፋቱ ኩባንያ በመቀየር አይሸፈንም። ሹፌሩ የመንገድ ምልክቶችን ለማንበብና ከተቆጣጣሪ ጋር ለመነጋገር የሚበቃ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ የሚጠይቀው ደንብም የቆየ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ መስፈርቱን ያላሟላ ሹፌር መንገድ ላይ ከሥራ እንዲታገድ በመደረጉ፣ ቋንቋ ማጥናት እንደ ማርሽና ፍሬን ልምምድ ሁሉ የዝግጅቱ አካል ሆኗል።

ኩባንያው ከዚህ ቀጥሎ የሚመለከተው የአመልካቹን ታሪክ ነው። ሕጉ አሠሪው ያለፉትን ሦስት ዓመታት የመንዳት መዝገብ እንዲያጣራ፣ አመልካቹም በከባድ መኪና የሠራባቸውን እስከ አሥር ዓመት የሚደርሱ የቀድሞ ሥራዎች እንዲዘረዝር ያስገድዳል። ስለዚህ በግል መኪና የተገኘ የፍጥነት ቅጣት እንኳ ሊታይ የሚችል ሲሆን፣ በማመልከቻው ላይ የተደበቀ አደጋ ደግሞ ከአደጋው በላይ ይጎዳል፤ አደጋው ሊብራራ ይችላል፣ ውሸቱ ግን እምነትን ያሳጣል።

በዩፒኤስ ይህ ሁሉ ተሟልቶም ገና ሰልፍ ይቀራል። የኩባንያው ሹፌሮች፣ ጫኞችና ለዪዎች «ቲምስተርስ» በተባለው የሠራተኞች ማኅበር የታቀፉ በመሆናቸው፣ የሥራ ክፍፍሉ በኅብረት ስምምነት የሚመራ ነው። ክፍት የፊደር ቦታ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ለነባር ሠራተኞች ይለጠፋል፤ ከተመዘገቡትም ብቁ ሆኖ ረጅም አገልግሎት ያለው ቅድሚያ ያገኛል፤ ይህም ሥርዓት «ሲኒየሪቲ» ይባላል። ከውጭ የሚቀጠረው ሰው ቁጥር በየአካባቢው ተጨማሪ ስምምነት የሚወሰን በመሆኑ፣ በአንዱ ማዕከል ወራት የሚፈጀው ጥበቃ በሌላው ዓመታት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ብዙዎቹ የፊደር ሹፌሮች የጀመሩት በከፊል ጊዜ ቅጥር ዕቃ በመጫንና በማውረድ፣ ወይም በየቤቱ በማድረስ ነው። አዲስ የተመደበው ሹፌርም የመጨረሻውን ምርጫ ስለሚያገኝ፣ ቋሚ መስመር ሳይኖረው በየዕለቱ በተጠራበት ሰዓት ሊሠራ ይችላል።

ሁሉም ኩባንያ ግን በዚህ መንገድ አይቀጥርም። ፌዴክስ በመሬት የሚያጓጉዛቸውን ጥቅሎች በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሰው በተቋራጮች አማካይነት በመሆኑ፣ የኩባንያው ስም የተጻፈበትን ተሳቢ የሚጎትተው ሹፌር ተቀጣሪነቱ ለተቋራጩ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሥራ ማግኘት ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙ፣ የጤና መድኑና የዕረፍት ቀኑ ግን ከተቋራጭ ተቋራጭ ስለሚለያይ፣ አመልካቹ አሠሪው ማን እንደሆነ ከመፈረሙ በፊት ማጣራት ይገባዋል።

ተራው የደረሰው አመልካች በኩባንያው መርማሪ ፊት ይነዳል። ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ ከነጎታቹ በፌዴራል አውራ ጎዳና እስከ 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ ሊመዝን ስለሚችል፣ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ከቤት መኪናው እጅግ ይበልጣል። መርማሪው የሚያየውም ይህን የሚያውቅ አነዳድን ነው፤ አርቆ መመልከት፣ ዐይንን ከመስታወት ወደ መንገድ ማመላለስ፣ ከፊት ካለው መኪና በቂ ርቀት መጠበቅና ማምለጫ ቦታ መተው ዋናዎቹ ናቸው። ሰዓትን ማክበርም የዚሁ አካል ነው፤ ሕጉ ከአሥር ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳትን ስለሚከለክልና ይህም በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ስለሚያዝ፣ በድካም እየታገሉ መንዳት የሚመሰገን ትጋት መሆኑ ቀርቷል።

ድካሙ የሚገባ መሆኑን ክፍያው ያሳያል። የዩፒኤስ ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የአምስት ዓመት ስምምነት ሲያበቃ፣ የሙሉ ጊዜ ሹፌሮች ከፍተኛ ክፍያ በአማካይ በሰዓት 49 ዶላር እንደሚደርስ ተገልጿል፤ አዲስ ሹፌር ወደ ከፍተኛው ክፍያ የሚደርሰው ግን በአራት ዓመት ነው። በሌላ በኩል ዩፒኤስ ከአማዞን የሚቀበለውን ጭነት ከግማሽ በላይ ለመቀነስ በመወሰኑና እ.ኤ.አ. በ2025 20,000 ያህል የሥራ ቦታዎችን እንደሚቀንስ በማስታወቁ፣ ሰልፉ እንደ ቀድሞው ይፈጥናል ብሎ መተማመን አይገባም።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚመኝ ሰው ለማሠልጠኛ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት፣ በአቅራቢያው ወዳለው ማዕከል ሄዶ ለነባር ሠራተኞች የሥልጠና ዕድል መኖሩንና የጥበቃው ዘመን ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቅ፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ከሆነም የከፊል ጊዜ ሥራውን ዝቅተኛ ገቢ በሌላ ሥራ እየደገፈ የሚቆይበትን ዕቅድ አስቀድሞ ያዘጋጅ። መንዳት የሚችል ሰው በአሜሪካ ብዙ ነው፤ በዚህ ሰልፍ ላይ የሚጸናው ግን መዝገቡን ሳያቆሽሽ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ነው።