«መውደቁ አይቀር»
(የሕፃን ልቅሶ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ተራኪ፦ አራት ዓመቷ ነው። ሌሊት ጉንጯን ይዛ እያለቀሰች ትነቃለች፤ ቀን በአንድ ወገን ብቻ ታኝካለች። አፏን ሲያስከፍቷት መንጋጋዋ ተበልቷል። አባት «የወተት ጥርስ አይደል፤ መውደቁ አይቀር» ይላል። እናት «ተነቅሎ ትረፍ እንጂ» ትላለች። ልጃቸው አሳዝናቸው ነው። ግን ያ መንጋጋ በራሱ ጊዜ የሚወድቀው ልጅቷ 10፣ 11 ዓመት ሲሞላት ነው። እስከዚያ ብዙ እንጀራ ይታኘክበታል።

ከሥሩ ደግሞ ተተኪው ጥርስ እያደገ ነው። ያለጊዜው ከተነቀለ፣ በ6 ዓመቷ ከኋላ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ወደፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይሻማል፤ ባለቦታው ሲመጣ መውጫ ያጣል። ዝም ከተባለም፣ የወተት ጥርስ ሽፋኑ ስስ ነውና ቀዳዳው ፈጥኖ ነርቭ ይደርሳል።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ስኮትላንድ ውስጥ ኖርና ሆል የተባሉ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሕፃናትን ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ያክሙ ነበር። የተበላውን ክፍል አይፍቁም፤ በልኩ የተመረጠ የብረት ቆብ ማጣበቂያ ሞልተው ጥርሱ ላይ ያጠልቃሉ፤ ሕፃኑ ራሱ ነክሶ ቦታው ያስገባዋል። የበሰበሰን ሳያጸዱ መክደን ብዙ ሐኪሞች ከተማሩት ጋር የሚጋጭ ነበር። የሚሠራበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፦ ጥርስ የሚበሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በስኳር ነው። ቆቡ ሲዘጋባቸው ቀለባቸው ይቋረጣል፤ መበላቱም ይቆማል።

የ259 ሕፃናት 978 ቆቦች መዝገብ በ2006 ታተመ። የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ዘዴውን በ132 ሕፃናት ፈተሹት፤ የእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ጥርስ በቆብ፣ ሌላው በተለመደው ሙሌት ታከመ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እንደ ሕመምና መግል ያለ ከባድ ችግር የገጠማቸው በሙሌት ከታከሙት ከ100 ጥርሶች 16 ወይም 17 ሲሆኑ፣ በቆብ ከታከሙት 3 ብቻ ነበሩ። ሕፃን ሳይታሰር፣ ሳይጮህ የተገኘ ውጤት መሆኑ እኔን ከቁጥሩ በላይ ያስደንቀኛል።

ሌላም አለ። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ ጠብታ የተበላው ቦታ ላይ ይቀባል፤ መበላቱን ያስቆማል፤ ቀዳዳውን ግን ያጠቁረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የፊት ጥርስ ሲጠቁር ወላጅ ይከፋዋል፤ ቢሆንም የልጅ እንቅልፍ ይበልጣል።

ድዱ መግል ከቋጠረ ግን ቆቡም ጠብታውም አይሠሩም። ያኔ ነርቩ ይታከማል፤ ካልሆነም ጥርሱ ይነቀላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ጣፋጭ ነገር የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ አይተኛ። ጥርሱ ከተበላ «ይነቀል» ከማለታችሁ በፊት «ቆብ ሊደረግለት ይችላል?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ጉንጩ አብጦ ካተኮሰው ግን አታሳድሩት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።