የቦረቦርን መስፋፋት በአነስተኛ ኮምፒዩተርና ካሜራ መከታተል

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተዳፋት ማሳዎች ቦረቦር የሚሰፋው ከባድ ዝናብ ሲጥል ነው። የልማት ሠራተኛው ዝናቡ ካባራ በኋላ ሲደርስ የሚያየው የተናደውን አፈር ብቻ ነው። ጎርፉ በየት እንደገባ ሳይታወቅ የሚሠራ ክትር ደግሞ የገበሬውን ጉልበት ከንቱ ሊያስቀር ይችላል። በየጊዜው ራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሳ መሣሪያ ለዚህ ይረዳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ ኮምፒዩተር፣ ካሜራና ለእርሱ የሚሆን ጠባብ ገመድ፣ 32 ጊጋባይት ካርድ፣ የ12 ቮልት ባትሪ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ከነመቆጣጠሪያው፣ ኃይሉን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ መቀየሪያ፣ ውሃ የማያስገባ ሳጥን።

አተካከል፦ ሳጥኑ ከቦረቦሩ አፋፍ ራቅ ብሎ በጠንካራ ምሰሶ ላይ ይታሠር። በካሜራው ፊት በየሜትሩ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ይተከሉ፤ ያለ እነርሱ የአፋፉን ማፈግፈግ መለካት ያስቸግራል። ክሮን በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በየ30 ደቂቃው እንዲያነሳ ይታዘዝ። በቀን 25 ፎቶግራፍ ይሆናል፤ አንዱ 4 ሜጋባይት ቢይዝ ካርዱ ለክረምቱ በሙሉ ይበቃል።

ጥንቃቄ፦ መሣሪያው 1 ዋት ቢፈጅ በቀን 24 ዋት ሰዓት ነው። የ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ቢይዝም ከግማሽ በታች ማውረድ ስለሚጎዳው ሁለት ደመናማ ቀን አያደርስም፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ከዚህ የሚበልጥ ይመረጥ። ኮምፒዩተሩ ኃይል ሲቋረጥበት ሰዓቱን ስለሚስት ባትሪ ያለው የሰዓት ሰሌዳ ይጨመርለት፤ አለዚያ ፎቶግራፉ ከዝናብ መዝገቡ ጋር አይገጥምም።

ባለ መሬቱ አስቀድሞ ይጠየቅ። ክትሩ ከመሠራቱ በፊትም ፎቶግራፎቹ በማኅበሩ ስብሰባ ቀርበው ቦታው በጋራ ይወሰን።